«ልርዳህ?» እና «ዞል ኢሽ ዲር ሄልፈን?»፦ የእገዛ ማቅረቢያ ሐረጋት በአማርኛና በጀርመንኛ፣ ከአንኮበር ታሪክ እስከ ደብረ ብርሃን ተማሪ

መግቢያ

የውጭ ቋንቋ ተማሪ ሰዋስውን በመልመጃ፣ ቃላትን በመዝገበ ቃላት ሊያጠና ይችላል። «ልያዝልህ?»፣ «ላግዝሽ?»፣ «ካስፈለገዎት ይንገሩኝ» የሚሉትን የመሰሉ የዕለት ተዕለት አነጋገሮች ግን በእነዚህ መንገዶች ብቻ በቀላሉ አይገኙም። ሐረጋቱ አጫጭር ቢሆኑም ተናጋሪው ሰሚውን ምን ያህል እንደሚቀርበው፣ እንዴት እንደሚያከብረውና እምቢ የማለት ዕድል ይሰጠው እንደሆነ ያሳያሉ። የግስ እርባታ የተሳሳተ ተማሪ ቋንቋውን ገና እየተማረ እንደሆነ ይታወቅለታል፤ እገዛ ሲያቀርብ የተሳሳተ ግን ብዙ ጊዜ ጠባየ ብልሹ ወይም ቸልተኛ መስሎ ይታያል።

ይህ ጽሑፍ በሰሜን ሸዋ የሚኖር አማርኛ ተናጋሪ የጀርመንኛን የእገዛ ማቅረቢያ ሐረጋት ሲማር የሚረዱትንና የሚያሰናክሉትን ነገሮች በንጽጽር ይመረምራል። የጽሑፉ መከራከሪያ የሚከተለው ነው፦ ተማሪው በእንግሊዝኛ በኩል ከመሄድ ይልቅ በቀጥታ ከአማርኛ ቢነሣ የሐረጋቱን አሠራር አብዛኛውን አስቀድሞ ያውቀዋል፤ አማርኛው የማያግዘው፣ እንዲያውም ሊያሳስተው የሚችለው፣ በአክብሮት መመዘኛና በምላሽ አሰጣጥ ላይ ነው። የጀርመንኛ ሐረጋት በዚህ ጽሑፍ በድምፃቸው በግዕዝ ፊደል ቀርበዋል፤ «ሽ» እና «ኽ» የጀርመንኛን ሁለት ተቀራራቢ ድምፆች በግምት ይወክላሉ።

1. ከአንኮበር የመጣ ልማድ፦ የሦስተኛ ቋንቋ ጥላ

የአማርኛና የጀርመንኛ ግንኙነት ረጅም ታሪክ አለው። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀርመናዊው ኢዮብ ሉዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1649 በሮም ካገኟቸው ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር አብረው ሠርተዋል፤ አባ ጎርጎርዮስም እ.ኤ.አ. በ1652 ወደ ጎታ ከተማ ተጉዘው ነበር። የሉዶልፍ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ1698 በፍራንክፈርት ሲታተም የተጻፈው በላቲን ነበር።

በሸዋ ምድር ግንኙነቱ የሚታወቀው በአንኮበር ነው። እ.ኤ.አ. በ1839 ካርል ቪልሄልም ኢዘንበርግና ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን ሚስዮናውያን ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ግዛት መጡ። ኢዘንበርግ ቀደም ሲል በዓድዋ ቆይተው ስለነበር አማርኛን ማጥናት የጀመሩት ከሸዋ በፊት ነው፤ በሸዋም ብዙ ሳይቆዩ በዚያው ዓመት ተመለሱ። ክራፕፍ ግን እስከ 1842 ድረስ በሸዋ ኖረዋል፤ በዚህ ጊዜም የኦሮምኛ ቋንቋን አጥንተዋል። የኢዘንበርግ የአማርኛ መዝገበ ቃላት በ1841፣ የአማርኛ ሰዋስዋቸው ደግሞ በ1842 በለንደን ታተመ። የላካቸው ማኅበር እንግሊዛዊ ስለነበር ሁለቱም መጻሕፍት የተዘጋጁት በእንግሊዝኛ ነው። አማርኛን በስፋት በጀርመንኛ የገለጸው የፍራንዝ ፕሬቶርዩስ ሰዋስው የወጣው ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1879 ነው።

ይህ ታሪክ ለዛሬው ጉዳይ የሚጠቅመው በአንድ ምክንያት ነው። የጀርመንኛ ተናጋሪና የአማርኛ ተናጋሪ ፊት ለፊት ተቀምጠው የተማማሩት ቋንቋ በወረቀት ላይ ሲሰፍር በሦስተኛ ቋንቋ፣ አንድ ጊዜ በላቲን፣ ሌላ ጊዜ በእንግሊዝኛ ተሸፍኗል። ከአንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው በደብረ ብርሃን ዛሬ ጀርመንኛ የሚያጠና ወጣትም በተመሳሳይ ሁኔታ ላይ ሊገኝ ይችላል። በአዲስ አበባ ያለው የጎተ ኢንስቲትዩት 130 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ በስልክ የሚገኙት የጀርመንኛ መማሪያዎች ደግሞ በብዛት በእንግሊዝኛ የተብራሩ ናቸው። ስለዚህ ተማሪው «ልርዳህ?» የሚለውን ወደ ጀርመንኛ ለመውሰድ በቅድሚያ ወደ እንግሊዝኛ ይለውጠዋል። በዚህ ጉዞ ላይ የሚጠፋው ነገር ብዙ ነው፤ እንግሊዝኛ በተራ ንግግር አንተን፣ አንቺን፣ እርስዎንና እናንተን በአንድ ቃል ይጠራልና።

2. ፈቃድ መጠየቅ፦ «ልርዳህ?» እና «ዞል ኢሽ?»

በመማሪያ መጻሕፍት መጀመሪያ የሚገኘው ሐረግ «ካን ኢሽ ኢነን ሄልፈን?» ነው። ቃል በቃል «እርስዎን መርዳት እችላለሁ?» እንደ ማለት ነው። ሐረጉ ትክክል ነው፤ በሱቅ ውስጥ ሻጩ ለገዢው ሲናገረው «ምን ልታዘዝ?» የሚለውን የአማርኛ አነጋገር ይተካል። የማይገዛ ሰው «ኢሽ ሻው ኑር» በማለት «እያየሁ ነው» ብሎ ይመልሳል። ነገር ግን ይኸው ሐረግ በመኖሪያ ሕንፃ ደረጃ ላይ ለማይታወቅ ሰው ጠንከር ባለ ድምፅ ሲነገር «ማንን ፈልገህ ነው?» የሚል የጥርጣሬ ጥያቄ ሊሆን ይችላል። ተማሪው ሐረጉን በሁሉም ቦታ ከተጠቀመበት አንዳንድ ጊዜ እንደ ሻጭ፣ አንዳንድ ጊዜም እንደ ዘበኛ ይሰማል።

አማርኛ ተናጋሪ በተፈጥሮ ንግግሩ «መርዳት እችላለሁ?» ብሎ አይጠይቅም። የሚለው «ልርዳህ?»፣ «ላግዝሽ?»፣ «ልያዝልዎ?» ነው። ይህ የግስ ቅርጽ የተናጋሪውን ችሎታ ሳይሆን የሰሚውን ፈቃድ ይጠይቃል፤ «ትፈቅድልኛለህ ወይ?» የሚል ፍቺ በውስጡ አለ። በጀርመንኛ የዚህ አቻ «ካን» ሳይሆን «ዞል» ነው። «ዞል ኢሽ ዲር ሄልፈን?» ማለት «ልርዳህ?» ማለት ነው፤ ጥያቄው ውሳኔውን ለሰሚው ይተዋል። «ዞል ኢሽ ኮመን?» «ልምጣ?»፣ «ዞል ኢሽ ቫርተን?» «ልጠብቅ?» እያለ ተማሪው ከሚያውቃቸው የአማርኛ ጥያቄዎች ብዙ የጀርመንኛ ጥያቄዎችን ሊያወጣ ይችላል። ይህን ዝምድና አንድ ጊዜ የተረዳ ተማሪ እያንዳንዱን ሐረግ ለብቻው መሸምደድ አያስፈልገውም።

3. «-ል-» እና የጀርመንኛ ተቀባይ ተውላጠ ስም

አማርኛ ድርጊቱ ለማን ጥቅም እንደሚደረግ በግሱ ውስጥ ያሳያል። «ልያዝ» እና «ልያዝልህ» የሚለያዩት በ«-ል-» ነው። የጀርመንኛ አቻው «ዲር» የሚለው የተቀባይ ተውላጠ ስም ነው፦ «ዞል ኢሽ ዲር ዲ ታሸ ትራገን?» «ቦርሳውን ልያዝልህ?»፤ «ዞል ኢሽ ዲር ቫስ ሚትብሪንገን?» «የማመጣልህ ነገር አለ?»። በሁለቱም ቋንቋዎች ዕቃው አንድ ነገር፣ ተጠቃሚው ሰው ሌላ ሆነው ይለያያሉ። «-ልህ» እና «-ልሽ» ወደ «ዲር»፣ «-ላችሁ» ወደ «ኦይሽ»፣ «-ልዎ» ወደ «ኢነን» ይሄዳሉ። ጀርመንኛ በዚህ ቦታ ወንድና ሴትን ስለማይለይ ለተማሪው ይቀልለታል።

ችግሩ የሚመጣው ራሱ «መርዳት» በሚለው ግስ ላይ ነው። በአማርኛ «ረዳ» ተረጂውን እንደ ቀጥተኛ ተሳቢ ይወስዳል፦ «ልጁን ረዳው»። በዚህ ምክንያት ተማሪው ቀጥተኛ ተሳቢ የሆነውን «ዲሽ» መርጦ «ካን ኢሽ ዲሽ ሄልፈን?» ሊል ይችላል። በጀርመንኛ ግን «ሄልፈን» ምንጊዜም ተቀባይን ይጠይቃል፤ ትክክሉ «ዲር» ነው። እንግሊዝኛው ሁለቱን ስለማይለይ ስሕተቱን አያርምም። የአማርኛው መንገድ ግን መፍትሔ አለው፦ ተማሪው «ሄልፈን»ን «ረዳ» ብሎ ከማሰብ «ለ... እገዛ ሰጠ» ብሎ ቢያስበው «ለአንተ» የሚለው ወደ «ዲር» ይመራዋል።

4. «እስቲ» እና «ማል»፦ ሐረጉን የሚያለዝቡ ቃላት

በመጽሐፍ ጀርመንኛ የሚናገር ተማሪ ብዙ ጊዜ ትክክለኛ ሆኖ ደረቅ ይሰማል። በተራ ንግግር ጀርመኖች ቃላትን ያሳጥራሉ፤ «ኢሽ ሄልፈ ዲር» የሚለው «ኢሽ ሄልፍ ዲር»፣ «ጌት ኤስ?» የሚለው «ጌትስ?» ይሆናል። በተጨማሪም «ማል» የምትለውን ትንሽ ቃል ይጨምራሉ። «ማል» በእንግሊዝኛ አቻ ስለሌላት መማሪያዎች ብዙ ጊዜ ያልፏታል። አማርኛ ተናጋሪ ግን «እስቲ» አለው። «ጻይክ ማል» «እስቲ አሳየኝ» ነው፤ «ላስ ሚሽ ማል» «እስቲ እኔ ልሞክረው» ነው፤ «ቫርተ ማል፣ ኢሽ ሄልፍ ዲር» «ቆይ እስቲ፣ ላግዝህ» ነው። «እስቲ» ትእዛዙን እንደሚያቀልለው ሁሉ «ማል»ም ጉዳዩ ቀላልና አጭር መሆኑን ታሳያለች። ሁለቱ ቃላት በሁሉም ቦታ ባይገጣጠሙም የመነሻ ድልድይ ይሆናሉ። ልዩ ጥንቃቄ የሚፈልገው «ላስ ማል» የሚለው ነው፤ ብቻውን ሲነገር ፍቺው «ተወው፣ ግድ የለም» ነው።

ሌሎች የዕለት ሐረጋት ደግሞ «እገዛ» የሚለውን ቃል ጨርሶ አያነሡም። «ጌትስ?» ዕቃ ተሸክሞ የሚቸገርን ሰው ወይም የተደናቀፈን ሰው «እንዴት ነህ፣ ደኅና ነህ?» ብሎ መጠየቅ ነው። «ኮምስት ዱ ክላር?» «እየሆነልህ ነው?» ከሚለው ይቀራረባል። «ኮም፣ ኢሽ ማኽ ዳስ» «አምጣው፣ እኔ እሠራዋለሁ» የሚል የቅርብ ወዳጅ አነጋገር ነው። «ሻፍስት ዱ ዳስ?» «ትችለዋለህ?» ማለት ሲሆን በአማርኛም በጀርመንኛም የሰሚውን ችሎታ የተጠራጠረ ሊመስል ስለሚችል በቃና መለዘብ አለበት። እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ይታያል። በሸዋ ሰው ሲደናቀፍ ያየ «እኔን!» ይላል፤ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎችን ያገኘ መንገደኛ «እግዜር ያበርታችሁ» ብሎ ያልፋል። ጀርመንኛ ለእነዚህ ቀጥተኛ አቻ የለውም፤ ርኅራኄው የሚገለጸው በጥያቄ፣ በ«ጌትስ?» ነው።

5. አክብሮት፦ ዕድሜ ወይስ ትውውቅ?

ሁለቱም ቋንቋዎች የአክብሮት ተውላጠ ስም አላቸው፤ መመዘኛቸው ግን ይለያያል። በአማርኛ አክብሮትን በዋናነት የሚወስነው ዕድሜና ማዕረግ ነው። በደብረ ብርሃን መናኸሪያ ዘንቢል የያዙ አሮጊት ሲያይ አንድ ወጣት «እማማ፣ ልያዝልዎት?» ይላል፤ አያቱንም ቢሆን አንቱ ሊል ይችላል። በጀርመንኛ የሚወስነው ትውውቅ ነው። የልጅ ልጅ ለአያቱ የሚናገረው «ኦማ፣ ዞል ኢሽ ዲር ዲ ታሸ ትራገን?» ብሎ ነው፤ በ«ኢነን» ቢናገራት በመካከላቸው ቅያሜ የገባ ይመስላታል። በአንጻሩ በመንገድ ላይ ያገኘውን የማያውቀውን ጎልማሳ፣ በዕድሜ ቢያንሰውም እንኳ፣ በ«ዚ» እና በ«ኢነን» ይጠራዋል።

ልዩነቱ ክብደት የሚያገኘው በሥራ ቦታ ነው። ከኢትዮጵያ ወደ ጀርመን ለሙያ ሥልጠና ወይም ለነርስነት ሥራ ለሚሄድ ሰው የቋንቋ ፈተና ማለፍ ዋና መስፈርት ነው፤ ነርስነቱ እንዲታወቅለት በአብዛኛው የቢ2 ደረጃ ይጠየቃል። ፈተናውን ያለፈ ባለሙያ በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ሲገባ በመጀመሪያው ቀን የሚያስፈልገው ግን «ዞል ኢሽ ኢነን ባይም አውፍሽቴን ሄልፈን?» የሚለው ሐረግ ነው፤ «ለመነሣት ልደግፍዎት?» ማለት ነው። በሸዋ አሮጊትን «እናቴ» ወይም «እማማ» ማለት የፍቅርና የአክብሮት ምልክት ነው። በጀርመን ግን ነርስ የማታውቃትን አረጋዊት «ኦማ» ብትላት ወይም በ«ዱ» ብትጠራት ክብሯን የነካች ያህል ይቆጠራል። የሚገባው አጠራር «ፍራው» ከሚለው ቃል ጋር የቤተሰብ ስም ነው። ከልብ የመጣ ደግነት በተሳሳተ ተውላጠ ስም ሊበላሽ ይችላል።

6. እምቢታና ልመና፦ አማርኛ የማያግዝበት ቦታ

እገዛ ማቅረብ ግማሽ ንግግር ነው፤ ሌላው ግማሽ ምላሹ ነው። በኢትዮጵያ ብዙ አካባቢዎች፣ በሰሜን ሸዋም ጭምር፣ የመጀመሪያው እምቢታ ብዙ ጊዜ የይሉኝታ እንጂ የመጨረሻ ውሳኔ አይደለም። ተጋባዡ «ኧረ አያስፈልግም» ይላል፤ ጋባዡ «በሞቴ!» ብሎ ይደግማል፤ ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ነገሩ ይስማማል። አቅራቢው በአንድ ጥያቄ ቢያቆም ከልቡ ያልጠየቀ ይመስላል። ዕቃ የተሸከመ ሰው «አይ፣ እችለዋለሁ» ቢልም ሌላው ቀምቶ ይይዝለታል፤ ይህም ደግነት ነው።

በጀርመንኛ ንግግር እምቢታ በአብዛኛው እንደ ቃሉ ይወሰዳል። «ናይን ዳንከ፣ ጌት ሾን» ማለት «አይ፣ አመሰግናለሁ፣ እችለዋለሁ» ነው፤ ጉዳዩ በዚያ ያበቃል። አቅራቢው ማረጋገጥ ቢፈልግ «ዚሸር?» ወይም «ቪርክሊሽ ኒሽት?» ብሎ አንድ ጊዜ ሊደግም ይችላል። ከዚያ በላይ መለመን ወይም ዕቃውን መንጠቅ የሰውዬውን ውሳኔ አለማክበር ይሆናል። የአረጋውያን እንክብካቤ ውስጥ ደግሞ «ራሴ እነሣለሁ» ያለን ሰው ያለፈቃዱ መደገፍ የመብት ጥያቄ እስከመሆን ይደርሳል።

ጉዳቱ ወደ ሌላው አቅጣጫም ይሄዳል። አዲስ የመጣ ኢትዮጵያዊ የሥራ ባልደረባው እገዛ ሲያቀርብለት በይሉኝታ «ናይን ዳንከ» ይላል፤ ሁለተኛ ጥያቄ ይጠብቃል፤ ጥያቄው አይመጣም። ባልደረባው ቃሉን አክብሮ ሄዷል፤ እሱ ደግሞ ማንም የማይረዳበት አገር እንደገባ ይደመድማል። ይህ አለመግባባት የቃላት እጥረት የፈጠረው አይደለም። እገዛ የፈለገ ሰው በመጀመሪያው ጥያቄ «ያ፣ ጌርነ» (አዎ፣ ደስ ይለኛል) ወይም «ዳስ ቬረ ኔት» (ደግ ነገር ይሆን ነበር) ማለትን መልመድ አለበት። «ዳንከ» ብቻውን፣ በተለይ ከራስ መነቅነቅ ጋር፣ እምቢታ ሆኖ እንደሚሰማም ማወቅ ይጠቅመዋል።

7. ለትምህርት አሰጣጥ የሚሆን ሐሳብ

ከላይ ከቀረበው ንጽጽር ሦስት ተግባራዊ ነጥቦች ይወጣሉ። አንደኛ፣ መምህሩ የአማርኛውን አነጋገር መነሻ ያድርግ፤ ተማሪዎች በቤት፣ በገበያና በመናኸሪያ የሚሰሟቸውን የእገዛ ጥያቄዎች ይሰብስቡ፤ ከዚያም «ልርዳ» ወደ «ዞል ኢሽ»፣ «-ልህ» ወደ «ዲር»፣ «እስቲ» ወደ «ማል» እንዴት እንደሚሄዱ ይለማመዱ። ሁለተኛ፣ አንዱ ሐረግ ለአያት፣ ለጓደኛ፣ ለማይታወቅ ወጣትና ለአለቃ በየተራ ይነገር፤ ተማሪው ተውላጠ ስሙን የመረጠበትን ምክንያት ያስረዳ። ሦስተኛ፣ ልምምዱ በጥያቄው አይቁም፤ መቀበልና አለመቀበልም አብረው ይጠኑ። የሚከተለው አጭር ምልልስ ለዚህ ያገለግላል፦

ሀ፦ ቫርተ ማል፣ ኢሽ ሄልፍ ዲር። (ቆይ እስቲ፣ ላግዝህ።)
ለ፦ ናይን ዳንከ፣ ጌት ሾን። (አይ፣ አመሰግናለሁ፣ እችለዋለሁ።)
ሀ፦ ዚሸር? (እርግጠኛ ነህ?)
ለ፦ ያ፣ ጌት ሾን። (አዎ፣ ግድ የለም።)
ሀ፦ ኦከይ። ዛክ በሻይት፣ ቬን ዱ ቫስ ብራውኽስት። (እሺ። ካስፈለገህ ንገረኝ።)

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ልብ ሊባል ይገባዋል። «ዛክ በሻይት» በሩን ክፍት አድርጎ መሄድ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ልመናውን ሲተው የሚሰማውን ቅር መሰኘት የሚያስታግስለት ይህ ሐረግ ነው፤ ደጋግሞ ሳይጠይቅ ደግነቱ ከልብ መሆኑን ያሳያልና። ተማሪዎች ምልልሱን ሁለት ጊዜ ቢሠሩት ይመረጣል፤ አንድ ጊዜ በ«ዲር»፣ ሌላ ጊዜ በ«ኢነን»፤ ቀጥሎም «ለ» በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ «ያ፣ ጌርነ» ብሎ እንዲቀበል ይደረግ።

ማጠቃለያ

የእገዛ ማቅረቢያ ሐረጋት ትምህርት በሁለት ክፍል ሊታይ ይገባል። በቋንቋው መዋቅር በኩል የአማርኛ ተናጋሪ ባለሀብት ነው፤ ፈቃድ የሚጠይቀው የግስ ቅርጽ፣ የተጠቃሚ አመልካቹ «-ል-»፣ የአክብሮት ተውላጠ ስሙና «እስቲ» በጀርመንኛ አቻ አላቸው። እንግሊዝኛን መሸጋገሪያ ማድረግ ይህን ሀብት ይሸፍነዋል። በአጠቃቀም በኩል ግን ተማሪው አዲስ ልማድ መያዝ አለበት፦ ዕድሜን ትቶ ትውውቅን መመዘን፣ የሌላውን እምቢታ አንድ ጊዜ አጣርቶ መቀበል፣ የራሱንም ፈቃድ በመጀመሪያው ጥያቄ መግለጽ። ኢዘንበርግና ክራፕፍ ወደ አንኮበር የገቡት ሚስዮናውያን ሆነው ነበር። ዛሬ ጉዞው በተቃራኒው አቅጣጫ ሲሆን ከደብረ ብርሃን ለሚነሣው ተማሪ በአማርኛና በጀርመንኛ መካከል ያለ ሦስተኛ ቋንቋ የተዘጋጀ የእገዛ ሐረጋት መማሪያ ማዘጋጀት በአካባቢው ላሉ የቋንቋ ምሩቃን የሚመጥን ሥራ ነው።